የተቀበረው አጥንቴ

በቀደም መብራት ጠፋና የልጄ ሚስት ሻማ ልታበራ ክብሪት ጫረች። ጭሱ አፍንጫዬ እንደ ገባ፣ ወንበሬ ላይ ደህና ተቀምጬ ሳለሁ፣ «የት ነው ያለሁት?» ብዬ ጠየቅሁ። ደነገጠች። ጃጀች ብላ ለባሏ ሳትነግር አልቀረችም፤ ሁለቱም ሳምንቱን ሙሉ በዓይናቸው ሲከታተሉኝ ሰነበቱ። አልጃጀሁም። ልጅ ሳለሁ ዓለም ለእኔ የምትጀምረው በክብሪት ሽታ ነበር፤ ሌላ ነገር የለውም።

የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። በእኛ አገር የሚጥለው ሰው ሲወድቅ ክብሪት ይጫርና ጭሱን ያሸቱታል፤ ዛሬም ድረስ እንዲሁ ነው። እናቴ ያን ጊዜ እንደ ልብ የማይገኘውን ክብሪት በመቀነቷ ቋጥራ ትዞር ነበር። እኔ ግን መውደቄን አላውቅም። የወደቀ ሰው መውደቁን አያይማ። ጥጃ ሳግድ ወይም ከአጎቴ ልጆች ጋር ጠጠር ስጫወት ቆይቼ፣ ድንገት ድኝ ይሸተኛል። ጉንጬ መሬት ላይ ነው፤ ምላሴ ይጠዘጥዘኛል፤ በዙሪያዬ የሰው እግር ብቻ አያለሁ። እግሮቹ ራቅ ብለው ነው የሚቆሙት። የሚጥለውን ሰው የነካ በሽታው ይጋባበታል ይባል ስለ ነበር ከእናቴ በቀር የሚጠጋኝ የለም።

ሰው ሁሉ እንደ እኔ እየጠፋ በክብሪት የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴን «አንቺን ስትወድቂ ማን ነው ክብሪት የሚጭርልሽ?» አልኋት። ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሚጭርላት ሰው አጥታ መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ከጋፋት በታች፣ ከደብረ ታቦር በእግር ብዙም በማይርቅ ተዳፋት መሬት ላይ ነበር። አባቴ ጣልያን እንደ ገባ ጫካ ገብቷል። በሽታዬም የመጣው ከጣልያን ጋር ነው ለማለት ይቻላል። ያኔ ወደ ገደሉ ስንሸሽ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ የአባቴ በቅሎ ደንብራ ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ረገጠችኝ። ቁስሉ ዳነ፤ ግን ጭንቅላቴ ላይ እፍኝ ሽንብራ የሚይዝ ጎድጓዳ ቀረ። ዓመት ሳይሞላ መውደቅ ጀመርሁ። ጎረቤቱ ጋኔን ነው አለ። እናቴ «የለም፣ በቅሎዋ የረገጠቻት ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ የሁለቱንም ሰምቼ የራሴ መደምደሚያ ላይ ደረስሁ፦ የበቅሎዋ ኮቴ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል፤ ሲያሻው ይራገጣል። ይህንን ለማንም አልተናገርሁም። ግልጽ ነገር ስለ ነበር ሁሉም የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

ጠበል ያልሞከርነው የለም። ፍልሰታን ሙሉ ጣራ ገዳም ከረምን። ጠበሉ ይቀዘቅዛል፣ ጫካው ያስፈራል፣ መነኮሳቱ ግን የጠዳ ቆሎ ይሰጡኝ ነበር፤ ቆሎውን ስለምወደው እየዳንሁ ነው አልኋቸው። ወደ ቤት በተመለስን በሳምንቱ ምድጃ ላይ ወደቅሁ።

እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ጢስ አይታ ሳይሆን የተቃጠለ ሥጋ ሸትቷት ነው እየሮጠች የገባችው። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እሳት ባለበት ከመደቡ እንዳልወርድ ከለከለችኝ። የእኔ እኩዮች እሳት ያነዳሉ፣ ከጎረቤት ፍም በገል ጭረው ያመጣሉ፣ ወጥ ያማስላሉ። እኔ መደቡ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ አያቸዋለሁ። ሥራ ስለማልሠራ የተከበርሁ ይመስለኝ ነበር። እሳት የማትጠጋን ልጅ ማንም ለልጁ እንደማይጠይቃት እናቴ ታውቃለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወንዙ ማዶ እንደ እኔ የሚጥላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ በዚያው ክረምት እሳት ውስጥ ወድቃ ሞተች። እናቴ ለቅሶ ደርሳ ከተመለሰች በኋላ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እሷ ትቀድመኛለች እንጂ እኔ አልቀድማትም፤ ቀባሪዋ እኔ ነኝ።»

አንድ ቅዳሜ ለገበያ ደብረ ታቦር ወረድን። እዚያ መሀል ላይ ጣለኝ። ይህንን በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። ገበያተኛው እንደ ልማዱ ክብ ሠርቶ ራቀ። እናቴ በድንጋጤ ክብሪቱን ከመቀነቷ መፍታት አቅቷት ስትታገል፣ አስካሪ ከሚባሉት የጣልያን ጥቁር ወታደሮች አንዱ ገፍቶ ገባና ተንበረከከ። ራሴን በእጁ ደግፎ በጎኔ አስተኛኝ፤ የአፌን አረፋ በጨርቁ ጠረገልኝ። ሐጎስ የሚባል ኤርትራዊ ነበር፤ በጣልያኖቹ ሐኪም ቤት ቁስል ያጥባል፣ ያስተረጉማል። እናቴ በቅርጫት የያዘችውን እንቁላል ሁሉ ረግጣው እንደ ነበር ያየችው ኋላ ነው።

«አንተ ሰው፣ ነካሃት እኮ!» አለችው።

«ነካኋት፣ እመይቴ። ምን አለበት?» አላት። ከዚያ ጣቱ ጎድጓዳው ላይ አረፈ። «ይህን ምን መታት?»

«በቅሎ።»

«ሐኪሙ ይያት» አለ ሐጎስ።

ሐኪም ቤቱ የቆርቆሮ ጣራ ያለው የድንጋይ ቤት ነበር። ሐኪሙ አጭር፣ ራሰ በራ የሆነ፣ እጁ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው ነው። አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ጎድጓዳውን ሲጫነው፣ ሲያዳምጥ፣ ዓይኔን በመብራት ሲያይ ቆየ። ከዚያ ለሐጎስ ብዙ ተናገረ። ሐጎስ ለእናቴ የተናገረው ያነሰ ነበር።

«አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቶ አንጎሏን ወግቶታል ይላል። የተወጋው ቦታ ጠባሳ ሆኗል። የሚጥላት እሱ ነው። ራሷን ከፍቶ አጥንቱን ያነሣዋል፤ ጠባሳውንም ቆርጦ ያወጣዋል።»

«ከአንጎሏ ላይ?»

«ከአንጎሏ ላይ።»

«ከዚያ በኋላ ታዲያ ምን ይቀራታል?»

ሐጎስ ጠየቀው። ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ አንዲት ቃል መለሰ። «ብዙ ይቀራታል ይላል» አለ ሐጎስ።

«ትሞትብኛለች?»

«ልትሞት ትችላለች። አልዋሽሽም፣ እመይቴ። ብትድንም ግራ እጇ ሊሰንፍ ይችላል። በጦርነት ራሳቸውን የተመቱ ወታደሮችን እንዲህ አድርጎ አክሟል፤ ሕፃን ግን አክሞ አያውቅም።»

«ታዲያ ለእኔ ልጅ ምን አሳዘነው?»

ሐጎስ ይህን አላስተረጎመም። «ሐኪም ነው፤ ይሆን እንደሆነ ማየት ይፈልጋል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። እናቴ በኋላ ስታወራው ያመነችው በዚህ ቃል ነው። አዝኖልን ነው ቢላት ኖሮ ይዛኝ ትሸሽ ነበር።

እኔ ተደስቻለሁ። ኮቴውን ሊያወጣልኝ ነው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጫካ ደረሰ። አባቴ በአንድ ሽማግሌ በኩል «ልጄን ለጣልያን እጅ እንዳትሰጪ፤ ከሰጠሻት እኔና አንቺ አንተያይም» ብሎ ላከ። እናቴ ሽማግሌውን አብልታ አጠጥታ ሸኘችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ተክሌ ሄደች። እኔን ብቻዬን ስለማትተወኝ ተከተልኋት። አባ ተክሌ ከጊዮርጊስ ቅጥር ሥር ተቀምጠው መቋሚያቸውን በስብርባሪ ጠርሙስ ይልጋሉ።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆነሻል፣ ይታይሽ?»

ነገረቻቸው። የምትጠብቀው ቁጣ ነበር። እሳቸው መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወደ እኔ ጭንቅላት ሲያዩ ቆዩ።

«ጠበልም በእሱ ፈቃድ ነው፣ መድኃኒትም በእሱ ፈቃድ ነው» አሉ። «እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ይኸ ራስ ክርስትና ስትነሣ ሜሮን የተቀባ ራስ ነው። እኔው ነኝ የቀባሁት። አጥንቱን ሲያወጡት የት ነው የሚጥሉት?»

እናቴ ይህን አላሰበችውም ነበር።

«ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ውሻ ሊጎትተው ነው? የለም። ቃል አስገቢያቸው። አጥንቱን ይስጡሽ። አምጪውና ከቅጥሩ ውስጥ እናሳርፈዋለን፤ ቀሪው አካሏ እስኪመጣ ይቆያታል።»

«ባለቤቴስ? እንዳትሰጪ ብለው ልከውብኛል።»

«ሲመጣ ትነግሪዋለሽ።» መቋሚያቸውን አነሡና «እግዜር ብሎ ከመጣ» አሉ።

በዚህ ዓይነት ሐኪሙ ዕድሜ ልኩን ሰምቶት የማያውቀውን ውል ገባ። ሐጎስ ሲያስረዳው ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገመው፤ ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ እሺ አለ።

በዕለቱ ጠዋት ሐጎስ ምላጭ ይዞ መጣ። ጋሜዬን ሊላጭ ነው። እስከዚያች ሰዓት አንድም ያልፈራሁ ልጅ ለጠጉሬ ስል ሐኪም ቤቱን በጩኸት ቀወጥሁት። እናቴ ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ በመጨረሻ ሻሿን ፈታ «በል፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የእኔን ላጭ» አለችው። ሐጎስ እያመነታ ላጫት። እንዲያ ያማረ ሹሩባዋ መሬት ሲወድቅ ጩኸቴን ረሳሁት። ራሷ ሲላጭ ጆሮዎቿ ትልልቅ መሆናቸውን አየሁና ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ እኔ ተላጨሁ።

ስለ ቀሪው የማውቀው ጥቂት ነው። አፍና አፍንጫዬ ላይ ጨርቅ አደረጉ። የሚያፍን፣ ጣፋጭ፣ ቶሎ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነበር። በክብሪት የምመለስ መስሎኝ አልታገልሁም።

ስነቃ ክብሪት አልሸተተኝም። ራሴ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከብዶኛል። ግራ እጄ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል፤ ና ብለው አይመጣም። እናቴ እግሬ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። መናገር ፈለግሁ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ለቀናት እንዲሁ ሆንሁ። መጀመሪያ ቃል የወጣኝ ሐጎስ ፋሻ ሊቀይር የመጣ ዕለት ነው።

«ኮቴው የታለ?» አልሁት።

ሐጎስ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ምን እንደምል አልገባትም፤ መናገሬ ብቻ በቅቷት እግሬን ትስማለች። ቀስ ብሎ ጠየቀኝና ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ በቅሎዋ፣ ውስጤ ስለ ቀረው ኮቴ፣ ስለሚራገጠው። አልሳቀብኝም። «አጥንቱ ነበር እኮ የሚራገጠው። አሁን ወጥቷል» አለኝ። ላየው ስል ግን የለም፤ እናቴ ወስዳዋለች።

የወሰደችው እኔ ራሴን ሳላውቅ በተኛሁበት በማግስቱ ነው። በንጹሕ ሸማ ጠቅልላ፣ ሐጎስን አጠገቤ ትታ፣ እየሮጠች አገራችን ወጣች። አባ ተክሌ ጸሎት አድርሰው ከቅጥሩ ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈሩ። አጥንቱን አሳርፈው ድንጋይ ጫኑበት። እናቴ ማንንም ሳታነጋግር በመጣችበት እግሯ ወደ እኔ ተመለሰች።

ይህን ሁሉ ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ከማዶ ቆማ አይታለች። ምን አየች? ልጇን ለጣልያን ቢላ የሰጠች እናት፣ ራሷን ተላጭታ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ፣ ቄስ ፊት ፊት እየሄዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብታ ባዶ እጇን ወጣች። ሌላ ማን ቢሆን ምን ይል ነበር? እትዬ ደብሬ ደረቷን እየደቃች «ዋይ የሺዬ!» ብላ ስሜን እየጠራች ጮኸች። አገር ተሰበሰበ። አባ ተክሌ ወደ ገዳም መንገድ ጀምረው ስለ ነበር የሚያርም ሰው አልነበረም። ከአንበሳሜ የእናቴ ዘመዶች እያለቀሱ መጡ። ቤታችን ተዘግቶ ቢያገኙት ደጁ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ንፍሮም ተቀቀለ። አንዱ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ መርዶውን ለአባቴ ሊያደርስ ተነሣ።

እኛ ይህን አናውቅም። ከብዙ ሳምንት በኋላ ሐጎስ በአህያ ጭኖ አገራችን ሲያደርሰን፣ ከወንዙ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አዩኝና ልብሳቸውን ጥለው አማተቡ። አንዷ ሮጠች። እትዬ ደብሬ መጥታ ፊቴን ዳሰሰችኝ፣ እጄን ቆነጠጠችኝ፤ አመመኝና አለቀስሁ። ማልቀሴ አሳመናት። ተደሰቱ፣ እልል ተባለ። ግን ያን ያህል አልቅሰውልኝ ስለ ነበር አንዳንዶቹ በልባቸው ትንሽ የተቀየሙ ይመስለኛል። የአንበሳሜዋ አክስቴ እስክትሞት ድረስ «ያን ጊዜ አልቅሼልሽ ደረቴ ቆስሎ ነበር» ትለኝ ነበር፤ አመስግኛታለሁ።

እናቴን ግን የመርዶው ነገር እንቅልፍ ነሣት። «ደህና ናት በሉት» ብላ ሁለት ሰው ላከች። አባቴ ወደ ጋይንት ተሻግሯል አሏት። መልእክቱ አልደረሰም።

መጠበቅ ጀመርን። እናቴ የምትጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ የእኔን መውደቅና የአባቴን መምጣት። ሰው «ዳነችልሽ?» ሲላት «ዝም በሉ!» ብላ ትቆጣለች። ያ ቃል ከአፍ ከወጣ በሽታው ሰምቶ የሚመለስ ይመስላታል። ከመደቡ አልወረድሁም። ክብሪቱም ከመቀነቷ አልወረደም። ጠጉሬ አደገ፤ ግራ እጄ እየተንፏቀቀች መታዘዝ ጀመረች፤ ዛሬም ሰነፍ ናት፣ ለምጃታለሁ። ጎድጓዳው የነበረበት ቦታ አጥንት የለውም፤ ጣት ሲያርፍበት ከሥሩ ትር ትር ይላል። እናቴ የተኛሁ እየመሰላት በእጇ ትዳስሰው ነበር። መኸሩ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ሐምሌ ገባ፤ አንድም ቀን አልወደቅሁም። ጣልያን ደብረ ታቦርን ለቀቀ። ሐኪሙና ሐጎስ ወዴት እንደ ሄዱ አላወቅንም።

አባቴ የመጣው ዝናብ ሲዘንብ ውሎ ባባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በር ላይ ቆመ። ጠመንጃው በትከሻው፣ ልብሱ ውሃ ያንጠፈጥፋል። እንደ ሌሎቹ አርበኞች ጎፈሬ የለውም፤ ተላጭቷል። የተላጨው ለእኔ ሐዘን መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ወደ እናቴ ነበር የሚያየው። ሊናገር የመጣው ነገር ነበረው፤ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስለው የመጣ ነገር። ከዚያ መደቡ ላይ እኔን አየኝ።

መጣና ከፊቴ ቆመ። ጭንቅላቴን ዳሰሰ፤ ጣቱ ያንን ለስላሳ ቦታ አገኘውና ቆመ።

«ማን ነው የከፈታት?» አለ፣ ፊቱን ወደ እናቴ ሳይመልስ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

ጠመንጃው ከትከሻው ተንሸራተተ፤ በክንዱ ያዘው። ይቆጣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሲናገር ግን ድምፁ የእሱ አልመሰለኝም።

«ትወድቃለች?»

እናቴ «ድናለች» የሚለውን ቃል አንድም ቀን ብላው አታውቅም። አባቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ምድጃው መሀል ላይ ነው፤ እሳቱ ከስሞ አመድ ለብሷል።

«የሺ» አለችኝ። «ከመደቡ ውረጅና እሳቱን አንድጂ። አባትሽን በርዷቸዋል።»

የተሳሳተች መስሎኝ ትንሽ ቆየሁ። አልደገመችውም። ወረድሁ። እኩዮቼ ሲያደርጉ እንዳየሁት ተንበርክኬ አመዱን ገለጥሁ፤ ከሥሩ ፍም ነበረ። ጭራሮውን በቀኝ እጄ ሰባበርሁ፤ ግራዋም እንዳቅሟ ያዘችልኝ። ጎንበስ ብዬ እፍ አልሁ። ጢሱ ዓይኔን ለበለበኝ። ደግሜ እፍ አልሁ፤ ነበልባሉ ተያያዘና ፊቴን ሞቀኝ።

ዞር ስል አባቴ እንደ ቆመ ነው። እናቴ ምሰሶውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች፤ እንባዋ እስከ አንገቷ ወርዷል፤ አልጠረገችውም።

«በሉ እንግዲህ፣ ቁጭ ይበሉ» አለችው።